ልጄ ከአቧራ ውስጥ ያወጣው "ሚርሜሌዎን" ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከቤታችን ጀርባ ቆርቆሮው ስር ዝናብ የማይደርስበት ደረቅ አቧራ አለ፣ እዛ ላይ አፉ እንደ ሲኒ ክብ ታቹ ሹል የሆነ ትንንሽ ጉድጓድ ሞልቷል። ልጄ በስንጥር ጫር ጫር አርጎ ወደኋላ የምትሄድ ትል መሳይ ነገር አወጣ፣ ፎቶ አንስተን ስልክ ላይ ስንፈልግ "ሚርሜሌዎን" አለን። ምን ማለት ነው? ቤቱንስ አትጎዳም?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህታችን አታስቢ፣ እንጨትም ሲሚንቶም አትነካም፣ ምግቧ ጉንዳንና መሰል ትንንሽ ነፍሳት ነው። ስሟም እሱን ነው የሚናገረው፣ በግሪክ ሚርሜክስ ጉንዳን ነው፣ ሌዎን ደግሞ አንበሳ፣ ይቺን ሌዎን እኮ ከአባ ጳንጠሌዎን ስም ላይም እናውቃታለን፣ "ሁለንተናው አንበሳ" እንደማለት ነው። የጉንዳን አንበሳ ናት በቃ። ለወገኑ ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ ነው፣ በ1767 እ.ኤ.አ.።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ቃሉ ከሊኒየስ እጅግ የቆየ መሆኑ ነው። ኢዮብ 4፥11 ላይ ዕብራይስጡ "ላይሽ" የሚል ብዙ የማያጋጥም የአንበሳ ስም አለው፣ ሰብዓ ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት ግን "ሚርሜኮሌዎን" ብለው ጻፉት፣ የሚበላው አጥቶ ጠፋ ይላል፣ እና አንባቢው ጉንዳንም አንበሳም የሆነ ፍጥረት ምን አይነት ነው ብሎ ግራ ገባው። ከዛ ወደ ግእዝም የተተረጎመው ፊሳልጎስ የሚባለው የጥንት የግሪክ መጽሐፍ መልስ ሰጠ፣ አባትየው አንበሳ ነው ስጋ ይበላል፣ እናትየው ጉንዳን ናት ጥራጥሬ ትበላለች፣ ልጃቸው ከሁለቱም አንዱን መብላት ስለማይችል በረሀብ ይሞታል አለ። አንድ የትርጉም ቃል ይሄን ሁሉ ታሪክ ወለደ!

የናንተዋ ግን አትራብም። ጉድጓዷ ስር አቧራ ውስጥ ተቀብራ ትጠብቃለች፣ ጉንዳን ጠርዙ ላይ ሲንሸራተት በጭንቅላቷ አቧራ እየበተነች ትጥለዋለች፣ ከዛ በሁለቱ ስለታም መንጋጋዎቿ ወግታ ትመጠዋለች። ስታድግ አራት ክንፍ ያላት ቀጭን በራሪ ትሆናለች፣ እስከዛ ድረስ ሰገራ እንኳን አትወጣም፣ ሆዷ ውስጥ ታጠራቅመዋለች።

ልጅሽ ማየት ከፈለገ ጣሳ ውስጥ ደረቅ አቧራ አርጎ ያስገባት፣ ሳይነካካት ቢያድር ጉድጓዷን ቆፍራ ሊያገኛት ይችላል፣ አይቶ ሲጨርስ ግን ቆርቆሮው ስር ይመልሳት።