የካሳው ገንዘብ የገለጠው

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት በጥብቅና ስሠራ ብዙ ዓይነት ክርክር አይቻለሁ፤ ድንገት ገንዘብ የገባበትን የድሃ ቤት ያህል ያስጨነቀኝ ግን የለም። እናንተም አንድ ቀን በደመወዝ፣ በውርስ ወይም በካሳ መልክ ለቤታችሁ ገንዘብ ማስገባታችሁ ስለማይቀር፣ የአንዱን ቤተሰብ ጉዳይ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አቃቂ በኩል ጤፍ ያመርት የነበረ ቤተሰብ መሬቱ ለልማት ተፈልጎ ካሳ ተከፈለው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ አርሶ አደሩ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 አባዝቶ ይከፍል ነበር (በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ብዜቱን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል)። ስሌቱን ልብ በሉት፤ ሰዎቹ የተቀበሉት ገና ያልታጨደ የ10 ዓመት አዝመራ ነበር። እነርሱ ግን እንደ ሲሳይ ቆጠሩት፤ እኔም ወረቀታቸውን አስተካክዬ ከመሸኘት በቀር ይህን አላስረዳኋቸውም።

ሁለት ወር ሳይሞላ አምስቱም በየተራ ቢሮዬ መጡ። አባት ከእርሻ ሌላ ሙያ ስለሌላቸው በትውልድ አገራቸው በሬና የኪራይ መሬት ይፈልጋሉ። በታክሲ ረዳትነት የሚሠራው ታላቁ ልጅ ከደላላ ጋር ሚኒባስ ተነጋግሮ ጨርሷል። ታናሹ ድርሻውን ተቀብሎ ዓረብ አገር መሄድ ያምረዋል። ከ8ኛ ክፍል አቋርጣ ቤት የዋለችው ሴት ልጅ ደግሞ ነርስ መሆን ትሻለች። እናት መጨረሻ መጡና፣ ባንክ የገባው በባላቸው ስም ብቻ ስለሆነ የእርሳቸው ድርሻ ይኖር እንደሆነ በለሆሳስ ጠየቁኝ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ እንደሚገምት ስነግራቸው፣ ሦስት ክፍል ሠርተው ማከራየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «ቤት ልጅ ነው፤ በየወሩ ይጦራል» አሉ። አስተዋይ ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን ባሌን አልከስም ብለው ወጡ።

ከእነዚህ ምኞቶች አንዱም ከገንዘቡ ጋር የተወለደ አልነበረም። ቤቱ በችግር ላይ ሳለ «የለም» የሚለው ቃል ለሁሉም እኩል መልስ ስለነበር፣ ማን ምን እንደሚመኝ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። ገንዘቡ ሲመጣ ግን ያ የጋራ መልስ ቀረና፣ የአንዱ ምኞት ሲመረጥ የሌላው እንደ ተናቀ ተቆጠረ።

ስለዚህ ኪሳችሁ ባዶ ሳለ ተጠያየቁ፤ በዚያን ጊዜ የተነገረ ምኞት ማንንም አያስቀይምም። ገንዘቡ ሲገባም ለጥቂት ወራት በጊዜ ገደብ ተቀማጭ አኑሩት፤ ያለ ሁለቱ ወላጆች ፊርማም እንዳይወጣ አድርጉ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ቀለቡን ለይታችሁ አስቡ፤ ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ ትናንት ከጎተራው ይዝቀው የነበረውን እህል ከገበያ መሸመት ይጀምራልና።

ድምፁ የጎላው ታላቁ ልጅ ስለነበር ሚኒባሱ ተገዛ፤ ብዙም ሳይሠራ ጋራዥ ቆመ፤ እኅትና ወንድም ተኳረፉ። በኋላ ሽማግሌ ሲቀመጥ እኔም ተጠርቼ ነበር። አባት ልጃቸው መማር እንደምትፈልግ አንድም ቀን ነግራቸው እንደማታውቅ በእውነተኛ ኀዘን ተናገሩ። እርሷም ቀና ሳትል፣ «ብነግርህስ የለም ትለኝ አልነበር?» አለች።