የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከባድ የፊልም ካሜራ በስቴዲካም ላይ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በሎስ አንጀለስ የሲኒማቶግራፊ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፊልማችንን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ለመቅረጽ አሪካም ኤስቲ ካሜራ ተከራይተናል። በረጅም ኮሪደር እየተነጋገሩ የሚሄዱ ሁለት ተዋንያንን ለ3 ደቂቃ ያህል ሳላቋርጥ በስቴዲካም (ካሜራን በሰውነት ላይ ተሸክሞ እየተራመዱ ያለ መንቀጥቀጥ ለመቅረጽ በሚያስችለው መሣሪያ) መከተል ይጠበቅብኛል። ባለ 1000 ጫማ ማጋዚን (የፊልም መያዣ ሳጥን)፣ ከ17 እስከ 80 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የኦፕቲሞ ዙም ሌንስና ቪውፋይንደሩ (በዓይን የሚታይበት ማየቻ) እንዳለ ተገጥሞ፣ ለመለማመጃ የማይፈለግ ፊልም ጭነን ስንሞክር ኮሪደሩን ሳላጋምስ ወገቤ ይያዛል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ካሜራው ቀስ በቀስ ቀና ማለት ይጀምራል። የትኛውን ዕቃ ላንሳ? ከታች ያለውን ባትሪ ባወርድስ ይረዳኛል?
*ኤ.፣ ከሎስ አንጀለስ*

መልስ፦ ከባትሪው አይጀምሩ። ጋሬት ብራውን በ1970ዎቹ ስቴዲካምን ሲሠራ ሞኒተሩንና ባትሪውን ካሜራውን ከላይ ከሚሸከመው ዘንግ ግርጌ ያስቀመጠው ቦታ አጥቶ አይደለም፤ ክብደቱ ከመያዣው ነጥብ በራቀ መጠን መሣሪያው በትንሽ ንቅናቄ የማይዞር ስለሚሆን ነው። የታችኛው ክብደት የላይኛውን ሚዛን ይጠብቃል፤ ካሜራውንም የሚመግበው ከዚያው ነው። መቀነስ ያለበት ከላይ ያለው ጭነት ነው፤ ከላይም ቢሆን በመጀመሪያ የሚነሳው ለዚህ ትዕይንት ምንም የማይሠራው ዕቃ ነው።

ትልቁ ትርፍ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። የያዙት ዙም 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እንደ ዛይስ አልትራ ፕራይም ያለ ባለ አንድ የትኩረት ርዝመት (ዙም የማያደርግ) ሌንስ ግን ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ ገደማ ነው። በስቴዲካም የሚቀርጽ ሰው መቅረብና መራቅ ሲፈልግ የሚራመደው በእግሩ ስለሆነ፣ በዚህ ኮሪደር ውስጥ ዙሙ የሚሰጥዎ ጥቅም ከሸክሙ ጋር የሚመጣጠን አይመስለኝም። ረጅም ሌንስ ወደ ፊት ስለሚወጣም ካሜራውን ወደ ግራና ቀኝ ማዞርን ያከብዳል፤ አንድ ክብደት ከዘንጉ የሚርቅበት ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ለመዞር የሚያሳየው እምቢታ ወደ ሩብ ይወርዳልና። ሌንሱ ሲያንስ ከሌንሱ ሥር በሚዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎች የሚደገፈውን ከባድ ማትቦክስ (ከሌንሱ ፊት የሚገጠም የብርሃን መከለያ) ትተው በሌንሱ አፍ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀላል ማትቦክስ መጠቀም ይችላሉ።

ሁለተኛው ማጋዚኑ ነው፤ ካሜራው ቀና የሚልበትም ምክንያት እዚሁ ይገኛል። የ1000 ጫማ ጥቅል ፊልሙ ብቻ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱ ጥቅሎች ፊትና ኋላ በሚቀመጡበት ማጋዚን ውስጥ ፊልሙ ሲሮጥ ክብደቱ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ይሸጋገራል፤ በ3 ደቂቃ 270 ጫማ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ተጓዘ ማለት ነው። ሚዛኑ በሚሊ ሜትር ለሚስተካከል መሣሪያ ይህ ብዙ ነው። ባለ 400 ጫማ ማጋዚን ከ1 ኪሎ በላይ ፊልም ይቀንስልዎታል፤ ቀፎውም ያንሳል፤ ጥቅሎቹም ስለሚቀራረቡ መንሸራተቱ ይቀንሳል። የቀረውን ለማካካስ ሚዛኑን በቀረጻው መነሻ ላይ ሳይሆን ፊልሙ እርስዎ ከሚጠቀሙበት ግማሽ ያህል በሮጠበት ሁኔታ ላይ ያስተካክሉ፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ላይ በጥቂቱ ወደ ፊት፣ መጨረሻ ላይ በጥቂቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ሁለቱንም ጣትዎ ይችለዋል።

400 ጫማ በተለመደው ባለ አራት ቀዳዳ አሠራር (እያንዳንዱ ምስል በፊልሙ ጠርዝ ያሉ አራት ቀዳዳዎችን ያህል ቁመት በሚይዝበት)፣ በሴከንድ 24 ምስል፣ 4 ደቂቃ ከ26 ሴከንድ ያስቀርጻል። ለአንድ ቴክ (ሳይቋረጥ ለሚደረግ አንድ ቀረጻ) ይበቃል፤ ሆኖም ከእያንዳንዱ ጥቅል 130 ጫማ ያህል ሊባክን ነው፤ ይህም ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። አከራዩ ካሜራውን በባለ ሦስት ቀዳዳ አሠራር ሊያቀርብላችሁ ከቻለና ፊልሙን የሚያጥበውና ስካን የሚያደርገው ቤት ይህንን ዓይነት ፊልም የሚቀበል ከሆነ፣ ያው 400 ጫማ 5 ደቂቃ ከ55 ሴከንድ ይሄዳል። ትዕይንቱን ወደ 2 ደቂቃ ከ45 ሴከንድ ማሳጠር ከቻላችሁ ከአንድ ማጋዚን ሁለት ቴክ ታገኛላችሁ። ዳይሬክተሩን በዚህ ጉዳይ አጥብቀው ቢያነጋግሩት እመክራለሁ።

ሦስተኛው ቪውፋይንደሩ ነው። በስቴዲካም የሚመለከቱት ሞኒተሩን ስለሆነ ማየቻውን ከነማራዘሚያው ያስወልቁት። ነገር ግን ሲወልቅ የሚቀረው ክፍት ቦታ ብርሃን በማያሳልፍ ክዳን ወይም ለዚሁ በተሠራ የቪዲዮ መውጫ (ምስሉን ወደ ሞኒተሩ በሚልክ ክፍል) ካልተዘጋ፣ ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ ፊልሙን ሊያበላሸው ይችላል፤ ይህንን ረዳትዎ ከእያንዳንዱ ቴክ በፊት ይመልከት። የቪዲዮ መውጫውንና የፎከስ ሞተሩን (የሌንሱን ፎከስ ከርቀት የሚያስተካክለውን) ግን አይንኩ።

በነዚህ ሦስቱ 6 ኪሎ አካባቢ ሲቀንስ የመሣሪያው የስበት ማዕከል ወደ ታች ስለሚወርድ ጂምባሉን (ዘንጉ በነፃነት የሚዞርበትን መያዣ) በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ወይም ዘንጉን ማሳጠር ያስፈልጋል። ዘንጉን አግድም ይዘው ሲለቁት ቀጥ ወዳለበት ቦታ ለመድረስ ከ2 እስከ 3 ሴከንድ ቢፈጅበት መልካም ነው። ከዚያ ከፈጠነ ታቹ ከብዷል፤ መራመድ ሲጀምሩና ሲቆሙ ይወዛወዝብዎታል። መሣሪያውን እርስዎ ከሚለብሱት ቬስት ጋር የሚያገናኘውን ክንድ፣ የአርሙንም ስፕሪንጎች እንደ አዲሱ ክብደት ማላላት አይርሱ።

ወገብዎን በተመለከተ፣ ከኪሎው ባልተናነሰ የሚጎዳው ርቀቱ ነው። መሣሪያው ከሰውነትዎ በ10 ሴንቲ ሜትር በራቀ ቁጥር ጀርባዎ ጭነቱን ለመመለስ ይበልጥ ይወጠራል። አርሙ ከቬስቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያሉትን ማስተካከያዎች በመጠቀም፣ እጅዎን ለቀው ሲቆሙ መሣሪያው ወደ የትም ሳይሸሽ አጠገብዎ እንዲንሳፈፍ ያድርጉ። የቬስቱን የወገብ ቀበቶ አጥብቀው ሸክሙ በዳሌዎ ላይ እንዲያርፍ፣ ትከሻዎ እንዲቀል ያድርጉ፤ በቴክ መካከልም መሣሪያውን ሁልጊዜ በመቆሚያው ላይ ያሳርፉት። እግርዎን የሚያንቀጠቅጥ ድካም ከተሰማዎ ግን ቀረጻውን ማስቆም መብትዎ ነው፤ ማንም ሊቆጣዎ አይገባም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ እቀርጻለሁ። አነስተኛ ዲጂታል ካሜራ በቬስት ስቴዲካም ላይ ጭኜ ስሄድ በጣም ቀላል ሆኖ ሳለ ምስሉ ይንከላወሳል፤ ነፋስ ሲነሳማ ጭራሽ አይያዝም። ምን ላድርግ?
*ሰ.፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ የእርስዎ ችግር ከላይ ከተጠየቀው ተቃራኒ ነው። ካሜራው ከመጠን በላይ ስለቀለለ የጣትዎ ንክኪና ነፋሱ በቀላሉ ያዞሩታል፤ አርሙም ለከበደ ጭነት ተወጥሮ ከሆነ እርምጃዎን ወደ ምስሉ ያሳልፋል። ከካሜራው ሥር የብረት ሰሌዳ፣ ከዘንጉ ግርጌ ደግሞ በተመጣጣኝ መጠን ክብደት ይጨምሩ፤ ከመሃል ይልቅ ወደ ጫፎቹ ቢያርቋቸው ትንሹ ክብደት ብዙ ይሠራል። በየጊዜው ጥቂት መቶ ግራም እየጨመሩ ይሞክሩ፣ ከጨመሩም በኋላ ሚዛኑንና የስፕሪንጉን ውጥረት እንደገና ያስተካክሉ። ጂምባሉን የሚነካው እጅዎም እንዳይጨብጠው፤ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ጫፍ መነካት ይበቃዋል።