ውጭ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ላለው ቤታችሁ የመኪና ቻርጅ ሶላር ለምታስገቡ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ለቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሁሉ ሶላሩንም አብሮ ያስባል። በቅድሚያ መኪናው ቀን የት እንደሚቆም ጠይቁ። አባታችሁ ጡረታ ወጥተው መኪናው ግቢ የሚውል ከሆነ ሶላሩ ያዋጣል። እህታችሁ ሥራ ይዛው የምትወጣ ከሆነ ግን ፀሐይዋ ስትበረታ መኪናው ቦሌ መንገድ ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ ማታ ከመብራት ኃይል፣ ቅዳሜና እሁድ ከሶላር ቻርጅ ይደረግ፤ ለመኪና ብሎ ትልቅ ባትሪ መግዛት በእኔ ግምት ገንዘብ ማባከን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ባለ 550 ዋት ፓኔል በጥሩ ቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ በጣም ያንሳል። ስለዚህ 4 ፓኔል ለክፉ ቀን ምንም አያተርፍም፤ 6 አድርጉት። ፊታቸው ወደ ደቡብ፣ ዘንበል ማለታቸው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይሁን። ጎን ያለው ጎረቤት ፎቅ የጀመረ ከሆነ ጥላው የት እንደሚያርፍ ቀድማችሁ አስጠኑ።

ከአሜሪካ ኢንቨርተር፣ ማለትም ከፓኔሉ የሚመጣውን ዲሲ ቤት ወደሚጠቀምበት ኤሲ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን መሣሪያ፣ አትላኩ። እዚያ 120/240 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ። ከመብራት ኃይልም ከሶላርም የሚሠራ ሃይብሪድ እዚሁ ግዙ፤ አቅሙ 5 ሳይሆን 6 ኪሎዋት ይሁን። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ትበልጣለች። በዚያ ላይ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ቻርጀሩ በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ሲጨምርበት ኢንቨርተሩ ይጮሃል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪናው ይነቀል። ቻርጀሩን ከ6 አምፔር በታች ማውረድ አይቻልም፤ ስለዚህ በፀሐይ ብቻ ከተሰካ ደመና ባለፈ ቁጥር ይቋረጣል።

ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የመከላከያ መስመር፣ ነው። መብራት ሲጠፋ አንዳንድ ኢንቨርተር ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከኧርዝ ስለሚለየው ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። መፍትሔው በደንብ የተቀበረ የኧርዝ ዘንግና መብራት ሲጠፋ ብቻ ኒውትራልን ከኧርዝ የሚያገናኝ ሪሌይ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው፤ አንዳንዱ ኢንቨርተር ውስጡ ስላለው ሴቲንጉን ማብራት ይበቃል። ሁልጊዜ የተገናኘ ካደረገው ሠራተኛው ተሳስቷል። ኧርዝ ያለ አስመስሎ ቻርጀሩን ለማታለል የሚሞክር ከሆነማ ሌላ ሠራተኛ ፈልጉ።

ለቻርጀሩ የራሱ ብሬከርና ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይዘርጋለት፤ በዲቫይደር አይሰካ። ከፓኔሉ ለሚመጣው መስመር የዲሲ ብሬከር ይግባ፤ የኤሲው ሲቆርጥ የእሳት ቅስቱን ማጥፋት አቅቶት ሊቃጠል ይችላል።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የቆጣሪው ብሬከር ጠፍቶ መኪናው አንድ ሰዓት ሙሉ በ10 አምፔር ቻርጅ ሲያደርግ ቤተሰቦቻችሁ በቪዲዮ ጥሪ ያሳዩአችሁ። ከዚያ የሶኬቱን ራስ በእጃቸው ይንኩት፤ የሚያቃጥል ከሆነ የላላ ሽቦ አለ።