ፓቼን ለምን መለሱት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ለአንድ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ዲስፕሌይ ሰርቨር ሁለተኛ ስክሪን ሲነቀል ክራሽ የሚያደርገውን አስተካክዬ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ላክኩ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ ስንት ሌሊት የለፋሁበትን አንዱ ገምጋሚ "ለሦስት ከፋፍለህ ላክ" ብሎኝ ጠፋ። ንቆኝ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ፣ ቢንቅህማ መች አንብቦ ይመልስልህ ነበር! ዲስፕሌይ ሰርቨር እኮ በፕሮግራሞቹና በስክሪኑ፣ በኪቦርዱ፣ በማውሱ መሀል የቆመ ነገር ነው፣ እሱ ሲወድቅ የከፈትከው ዊንዶ ሁሉ አብሮት ሊሄድ ይችላል፣ ስለዚህ ገምጋሚ ቢነዘንዝ አልፈርድበትም። ኤክስ 11 የሚባለውን የድሮ የዲስፕሌይ ሥርዓት እየው፣ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ የጥንት ፕሮግራም ዛሬም እንዲሰራበት ስለሚፈለግ አንድ መስመር ስትነካ ማን ቤት ምን እንደሚሰበር አታውቅም፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ተተኪው ዌይላንድም ከዚህ ሸክም ለመገላገል ነው የመጣው።

"ከፋፍለው" ያለህ ደግሞ ለጊት ባይሴክት ነው፣ ጊት የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው፣ ባይሴክት ደግሞ ብልሽት ያመጣውን ለውጥ መፈለጊያው። ነገ ብልሽት ሲመጣ ኮሚቶቹን (የተመዘገቡትን ለውጦች) ለሁለት ለሁለት እየከፈሉ ጥፋተኛውን ይፈልጋሉ፣ አንተ ግን ክራሹንም፣ የስም ለውጡንም፣ የስፔስ ማስተካከያውንም (ጨምረሃል አይደል? ጠርጥሬያለሁ) አንድ ላይ ካጨቅከው ማን ይለየዋል? ምን እንደቀየርክ ኮዱ ራሱ ያሳያል፣ ለምን እንደቀየርክና ስክሪኑን እንዴት ነቅለህ እንደሞከርከው ግን ኮሚት ሜሴጁ (ከለውጡ ጋር የሚሄደው ማብራሪያ) ላይ ጻፍ።

ዝም ካሉህ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቀህ በትህትና አስታውሳቸው፣ አንዳንዶቹ በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚያዩት።