ከእንቁራሪት ሽል የወጡ ሕዋሳት ለምን አልንቀሳቀስ አሉ?

«ከዜኖፐስ እንቁራሪት ሽል ቆርጬ ያወጣኋቸው የኒውራል ክሬስት ሕዋሳት (ከነርቭ እጥፋቶች ጠርዝ ተነስተው በሽሉ ውስጥ የሚፈልሱት) ሳህኑ ላይ ተጠቅልለው ቀሩ፤ ትቼው ወደ ተራ የሕዋስ እርባታ ልመለስ?» ላልሽው፣ እህቴ፣ እባክሽ አትተዪው። እኔም ሳምንታት ሙሉ የማይላወሱ ድቡልቡሎች ሳይ ከርሜያለሁ።

ከእኔ ዘንድ ጥፋቱ ቆዳው ነበር። እንደ ቢላ በምጠቀምበት የቅንድብ ጸጉር የላይኛውን ቆዳ ስገልጥ ጠርዙ ላይ ቅንጣቢ ይቀርብኛል። የቆዳ ሕዋስ ደግሞ ቁስል መሸፈን ልማዱ ስለሆነ፣ ዞሮ ቁራጩን እንደ ከረጢት ይጠቀልለዋል፤ ውስጥ ያሉት መውጫ ያጣሉ። ከዚያ በኋላ ግራጫማውን ክሬስት ብቻ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ማንሳት ጀመርኩ። ሳህኑ ላይ በያዘ በሰዓታት ውስጥ ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ቀጫጭን እግር ዘርግተው ወደ ውጭ ሲፈልሱ ያየሁበትን ምሽት አልረሳውም።

ሳህኑን ሕዋሳት በሚጣበቁበት ፕሮቲን፣ በፋይብሮኔክቲን፣ ቀብተሽዋል አይደል? ያለ እሱ የሚረግጡት የላቸውም። የምትቆርጪበት ጊዜም የሽሉ እድገት ደረጃ 17 ወይም 18 ይሁን፤ የነርቭ ቱቦ የሚሆኑት እጥፋቶች ተቀራርበው ገና ሳይገጥሙ ማለት ነው። ሰዓቱ ካልተመቸሽ ሽሎቹን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አሳድሪያቸው፣ እድገታቸው ይዘገያል።

ወደ ተራ እርባታ አትመለሺ የምልሽ ግን ለምን መሰለሽ? እነዚህ ሕዋሳት የሚሄዱት ጎረቤቶቻቸውን እያዩ ነው። ሁለት የክሬስት ሕዋሳት ሲነካኩ የዘረጉትን እግር ሰብስበው ፊታቸውን እንደሚያዞሩ በ2008 በዜኖፐስና በዜብራ ዓሣ ሽል ውስጥ ታየ። በ2013 ደግሞ ክሬስቶቹ ከፕላኮድ ሕዋሳት (ኋላ የስሜት አካላትን ከሚሠሩት የሽል ቆዳ ክፍሎች) የሚወጣውን ኤስዲኤፍ-1 የተባለ ሳቢ ፕሮቲን እየተከተሉ እንደሚያባርሯቸው፣ ሲደርሱባቸውም ፕላኮዶቹ እንደሚሸሹ ታወቀ። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ የ2018ቱ ነው፦ ከሥራቸው ያለው ሜሶደርም (የሽሉ መካከለኛ የሕዋስ ንብርብር) ሲጠነክር ለጉዞ ይነሳሉ። ሜሶደርሙ እንዳይጠነክር ሲደረግ ባሉበት ይቀራሉ። ብቻውን ተነጥሎ ሳህን ላይ የሚያድግ ሕዋስ ይህን ሁሉ ከየት ያሳይሻል? ሽሉ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሆኖ፣ ከእናቱ ውጭ ውሃ ውስጥ ስለሚያድግ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከፊትሽ ነው።

አንድ ቁራጭ በደንብ ሲፈልስልሽ ጎኑ ላይ የፕላኮድ ቁራጭ አስቀምጪና በየአምስት ደቂቃው ፎቶ አንሺ። እስከዚያው ያልተንቀሳቀሱትን ፎቶዎች እዚህ ለጥፊልኝ፤ ቆዳ ቀርቶበት እንደሆነ ከጠርዙ ልስላሴ መለየት ይቻላል።