መልስ፦ በግ መስጠት ዘላቂ ለውጥ ያመጣል ወይ?

ውድ ጠያቂ፣ ማኅበርዎ አዘዞ አካባቢ ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚያድላቸው በጎች ድጋፉ ሲያበቃ ፋይዳቸው ይዘልቅ እንደሆነ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ6 አገሮች ከ10,000 በላይ ቤተሰቦችን ያካተተ፣ ለድሆች እንስሳ የሚሰጥ ፕሮግራምን የመረመረ ጥናት ተጠቃሚዎቹን በዕጣ ለይቶ ዕጣው ካልደረሳቸው ጋር ስላነጻጸረ፣ ልዩነቱን ያመጣው ዝናብ ወይም የገበያ ዋጋ ነው ለማለት ያስቸግራል። ፕሮግራሙ ካበቃ ከ1 ዓመት በኋላም የተጠቃሚዎቹ ፍጆታና ሀብት በአማካይ በልጦ ተገኝቷል። ነገር ግን የተሰጠው እንስሳ ብቻ አልነበረም፤ ሥልጠና፣ ጊዜያዊ የቀለብ ድጎማ፣ የቁጠባ ዕድልና ቤት ድረስ የሚመጣ አማካሪ አብረው ነበሩ። በእኔ እምነት ቀለቡ ከባድ ሚዛን አለው፤ ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት እናቲቱ በጓን ከነግልገሏ ወደ ገበያ ከመንዳት ሌላ ምን ምርጫ አላት? ስለዚህ የበጎቹን ቁጥር ቀንሳችሁም ቢሆን እስከ መኸር የሚያደርስ እህል እንድትጨምሩበት አጥብቄ እመክራለሁ።