ሹመቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ደረሰኙን ያዢ

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው። በአስተዳደርና ልማት ተመርቀሻል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። አሁን ከተወለድሽበት ወረዳ ሁለት ነገር መጥቶልሻል። አንደኛው በወረዳው ዋና ከተማ ማዘጋጃ ቤት ለገቢ ባለሙያነት መወዳደር ነው። ሁለተኛው «ወጣት ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ዲግሪ አለሽ» ተብለሽ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነሽ መሾም። አባትሽ «ሹመት እምቢ አይባልም» ብለዋል። አንቺ ግን ሁለቱንም ትተሽ ጎንደር ላይ የተሻለ ነገር ብትጠብቂ ደስ ይልሻል።

እኔ የገቢ ባለሙያነቱን ያዢ እላለሁ። አባትሽ እንዳይቀየሙኝ ምክንያቴን ልንገርሽ።

የወረዳ ሹመት ከሙያ ጋር ብዙም አይተዋወቅም። ዛሬ አንድ ጽሕፈት ቤት ላይ ነሽ፣ በዓመቱ ግምገማ ይመጣና ሌላ ቦታ ትገኛለሽ። የሾመ ይሽራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል ሰምተሻል። እኔ ያየሁት ቁጭት ግን ሌላ ነው። አምስት ዓመት ስብሰባ መርቶ ሲሻር፣ «ምን ትችላለህ?» ሲባል የሚመልሰው ያጣ ሰው አውቃለሁ። ስብሰባ መምራት ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

ገቢ ላይ ስትቀመጪ ግን ከተማው እንዴት እንደሚኖር ታያለሽ። ይኼን በደንብ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ወረዳው ከክልሉ ጥቅል ድጎማ፣ ማለትም ባንድ ላይ የሚሰጥ በጀት ያገኛል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው ደመወዝ ነው። የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሌላ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቄራ፣ የገበያ ቦታ። እነዚህ በአብዛኛው ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገንዘብ ነው የሚሠሩት። ከቦታ ኪራይ፣ ከሊዝ፣ ከገበያ ክፍያ፣ ከእርድ አገልግሎት። ስለዚህ ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ የደረሰኝ ጥራዝ ሲጠፋ የጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም። አንድ ቦይ ሳይጠረግ ይከርማል።

ከራሴ ላውጋሽ። ጀማሪ ሆኜ አንድ ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የፕላን ባለሙያ ነበርኩ። የከብት ገበያው በፕላኑ መሠረት ወደ ከተማው ማዶ ይዛወር ተባለ። ፕላኑን ያነበብኩት እኔ፣ ችካሉን ያስተከልኩትም እኔ። አጥር ታጠረ፣ በር ተሠራ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ደረሰኝ ቆራጩ ጥራዙን ታቅፎ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ ዋለ። ለካ ገበሬው ከብቱን የሚያጠጣበት ወንዝ በድሮው ገበያ በኩል ነው! ይኼን ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ጥበቃው እንኳ ያውቃል፤ ማን ጠይቆት? ለሁለት ወር ያህል የገበያ ክፍያው ወረደ፣ የቆሻሻ ጋሪ የሚገፉት ልጆች ክፍያም በዚያው ሰበብ ዘገየ። እኔ ካርታ ላይ ያላየሁትን የገቢ ባለሙያዋ ከደረሰኝ ጉርዱ ላይ በአንድ ሳምንት አወቀችው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ የምልሽ ለዚህ ነው።

መሬቱም ቢሆን ዞሮ ዞሮ አንቺ ጋ ይመጣል። ሕጉ፣ ማለትም የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000፣ ማዘጋጃ ቤት ያለውን ቦታ ከተማ ይለዋል። ማዘጋጃ ባይኖረውም 2,000 ሰው ካለውና ከሠራተኛው ግማሹ ከግብርና ውጪ የሚተዳደር ከሆነ ከተማ ነው። ማታ ላሞቹ በዋናው መንገድ ሲገቡ ስታዪ ግን ከተማና ገጠር የት ጋ እንደሚለያዩ ይጠፋብሻል። ጠብ ያለውም እዚያው ድንበር ላይ ነው። ከተማው ይሰፋል፣ ገበሬው ማሳውን ያጣል፣ በመሃል ደላላው ይገባል፣ በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት ይበቅላል። የሊዝ አዋጁን 721/2004ን እና የካሳውን አዋጅ 1161/2011ን ከውድድር ፈተናው በፊት አንብቢያቸው። በተለይ የካሳውን። ማሳው የተወሰደበት ገበሬ ቢሮሽ ሲመጣ አንቀጽ ጠቅሶ አይደለም የሚያናግርሽ፤ ሕጉን የምታውቂለት አንቺ መሆን አለብሽ።

አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት የወረዳ ሥራ እንደ ድሮው አይደለም። መንገድ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል። ተሿሚ ደግሞ ከባለሙያ ይልቅ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ይኼን አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩበት። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ውድድሩ ቢያልፍሽም አይቆጭሽ። ሥራ ሌላ ጊዜ ይወጣል።

ጎንደር ቁጭ ብሎ መጠበቁን ግን አልወደድኩትም። ትልቅ ከተማ አስተዳደር ብትገቢ እንኳ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፎርም ነው የሚሰጥሽ። ትንሽ ከተማ ላይ የሰው ኃይሉ ጥቂት ስለሆነ ጠዋት ገቢ፣ ከሰዓት የሊዝ ጨረታ፣ ማታ ከእድር ዳኞች ጋር የቦይ ጠረጋ ትነጋገሪያለሽ። ደግሞስ የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ ለማን ተከፈተ? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር የጤና መኮንንና የንጽሕና ባለሙያ የሚያሠለጥነው ለገጠርና ለትናንሽ ከተሞች ነበር። ከጎንደር ተመርቆ ወረዳ መውረድ በአንቺ አልተጀመረም።

አሁን ወደ ተግባሩ። ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት መደቡ በጀት የተያዘለት መሆኑን ከሰው ሀብት ጠይቂ። ማስታወቂያ ወጥቶ በጀት የሌለው መደብ አጋጥሞኛል። ካለፍሽ ደግሞ ርክክቡን በጽሑፍ አድርጊ። ስንት ጥራዝ ተረከብሽ፣ ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው፣ ውዝፍ ያለበት ማነው? ነባሩ ሠራተኛ «እኛ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ቢልሽ ፈገግ ብለሽ ቁጥሩን መጻፍሽን ቀጥይ። ያላስረከበሽን ጉድለት ኦዲተሩ ካንቺ ነው የሚጠይቀው። የዕለቱን ገንዘብም በዕለቱ ገቢ አድርጊ። «ለዛሬ አበድሪኝ» የሚል አለቃ አይጠፋም፤ ይኼ ጥያቄ የሚመጣው ደግሞ በመጀመሪያው ወር ነው።

ከቻልሽ በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ማንነትሽን ሳትናገሪ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ግማሽ ቀን ቁሚ። ስንት በግ ገባ፣ ስንት ደረሰኝ ተቆረጠ? ደብተርሽ ላይ ጻፊው። ቃለ መጠይቅ ላይ ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ የተሻለ መልስ ይሆንልሻል።

ሹመቱን ላቀረቡልሽ ሰዎችም በሩን አትዝጊባቸው። አመስግኚያቸውና «ከሁለት ዓመት በኋላ ጠይቁኝ» በያቸው። ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።